የሰማንያ ሚስት

ባለፈው ሰሞን ሬዲዮ ተከፍቶ ምስር እለቅም ነበር። ስለ አንድ ሩቅ አገር ይወራል። ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ የሃይማኖት ሕግ አስገብተዋል አሉ፤ የሌላ አገር የምክር ቤት ሰዎች ደግሞ ተሰብስበው «እጅግ አሳስቦናል» ብለዋል። አንባቢዋ ድምጿን አሳምራ «ስጋታቸውን ገለጹ» ስትል ብድግ ብዬ ድርግም አደረግሁት።

«እማዬ፣ እየሰማሁ እኮ ነው!» አለች ልጄ።

«ሌላ ነገር ስሚ።»

«ምን አደረጉሽ ደግሞ? ስለ ሰው መብት ነው የተጨነቁት።»

ስለዚያ አገር የማውቀው የለኝም። ጭንቀታቸው እውነት ይሆናል፤ የዚያ አገር ሰዎችም የሚጨነቅላቸው ፈልገው ይሆናል። እኔ የማውቀው ስለ እኛ የተጨነቁ ጊዜ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ጉለሌ። ልጄ ስለ አያቷ የምታውቀው በተስቦ መሞቷን ብቻ ነው፤ ሌላውን እኔም አልነገርኳት፣ እሷም አልጠየቀችኝ። እንግዲህ እዚህ ላይ ትሰማው።

አባቴ የወሎ ሰው ነው፣ ሙስሊም። ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ የዚሁ የጉለሌ ልጅ ናት፣ ከእንጦጦ ሥር ከነበሩት ኦሮሞዎች፣ ክርስቲያን። ቤታችን ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መንገድ ዳር ነበር። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። ሲጋቡ የእናቴ ዘመዶች አኩርፈው ነበር አሉ፤ የአባቴም እንደዚያው። ከዚያ ልጅ ሲወለድ ሁሉም ዝም አለ። ሴቷ ለእናት፣ ወንዱ ለአባት ተባብለው ተስማሙና እኔ ክርስትና ተነሣሁ፤ ከእኔ ብዙ ዘግይቶ የመጣው ወንድሜ ደግሞ የአባቴ ሆነ። እኔ ከእናቴ ጋር መድኃኔዓለም እስማለሁ፣ ወንድሜ አባቴ ሲሰግድ ጀርባው ላይ እየወጣ ያስቸግረዋል። ይኸው ነው። በሰፈሩ እንደኛ ያለ ቤት ሌላም ነበር፤ ማንም ጉድ አላለንም።

በቤታችን ከባዱ ነገር ሥጋ ብቻ ነበር። ዛሬም ያው ነው፣ ያን ጊዜ ግን ይብስ ነበር። ክርስቲያን ክርስቲያን ያረደውን ይበላል፣ ሙስሊም ሙስሊም ያረደውን። ጸሎቱን ባያውቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ባይስም፣ መስጊድ ባይረግጥ ሰው ይታገሰዋል። የሌላውን ሥጋ ከበላ ግን አለቀ፣ ካደ ነው የሚባለው። እናቴ የአባቴን ድስት ለብቻው ታስቀምጣለች፤ ለእሱ ወጥ ስትሠራ ጨው እንኳ አትቀምስም። አባቴ እየበላ «ጨው አንሶታል» ይላታል። «እንኳን አነሰው! ራስህ ቅመሰውና ጨምር» ትለዋለች። በየኢዱ ይኸው ነበር ጠባቸው።

በዚያ የካቲት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ጣሊያኖች ሰፈሩን ሲያቃጥሉ አባቴ የስፌት መኪናውን ለማዳን ብሎ ሱቁ ሄደ። እናቴ «መኪናው ገደል ይግባ!» ብላ ልብሱን ይዛ ነበር። አልሰማትም። መኪናውም እሱም አልተመለሱም። ከእናቴ ጋር በየጉድጓዱ አፍ ዞረናል፤ እዚያ ያየሁትን አልጽፍም። ሬሳው አልተገኘም። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከወሎ መጥቶ ሰደቃ አወጣለትና ለቅሶው በዚያ አበቃ።

አጎቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ቁጡ ሰው ነበር። ቆዳ ይነግዳል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደጃችን ላይ ተቀምጠው የቤቱን ነገር ሲያነሡ እሱ ቀድሞ ተናገረ። «ቤቱ የእሷ ነው፣ ልጆቹም የእሷ ናቸው። እኔ ስጠራ እመጣለሁ፤ ሳልጠራም እመጣለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁና ተነሡ። እናቴ ያን ቀን ነው ከሐዘኑ ወዲህ መጀመሪያ እህል የቀመሰችው።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ አዋጅ መጣ። ባለቤቱ የሞተበት ቤት ሁሉ ጉዳዩ በጣሊያኑ ዳኛ ፊት እንዲታይ፣ ውርሱም የልጆቹም ነገር በሟቹ የሃይማኖት ሕግ እንዲቆረጥ። ሳይዳኝ የተገኘ ቤት ለመንግሥት ይሆናል። አዋጁን በየደጁ እየዞረ የሚናገረው የሰፈራችን ሹም ነበር፤ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ፣ ጎረቤታችን። እኛ ደጅ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ ዓይኑን ከጣለበት ቆይቷል። እናቴ «ሰምቻለሁ፣ አልደነቆርኩም!» አለችው። አጎቴ ተልኮበት መጣ። ያን ጊዜ አልፈራንም፣ ምክንያቱም ነገሩ በሽማግሌ ያለቀ ነው፤ ያለቀውን ነግረናቸው የምንመለስ ነበር የመሰለን።

መጋቢት ነው፣ ሁዳዴ ገብቷል። እናቴ እኔንና ወንድሜን ይዛ፣ አጎቴ፣ እንዲሁም እናቴንና አባቴን ያጋቧቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ተከትለውን ሄድን። ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ ዊንጌት ከሚባለው ወዲህ፣ ከሰው ላይ የተወሰደ ቤት ነው። በረንዳው ላይ አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ ቆመዋል። ሹሙ ቀድሞን ገብቶ ጥግ ይዟል።

ዳኛው ወፍራም፣ ፊቱ ቀይ የሆነ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው። ይኼን የምለው ቀልቤ ስለወደደው አይደለም፤ ክፉ ቢመስል ኖሮ እናቴ ትጠነቀቅ ነበር። አስተርጓሚው ራሱ ጣሊያን ነው፣ ጢማም ሽማግሌ፣ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ። ሁሉንም ሰው አንቱ ይላል። ወንድሜን «እርስዎ አያልቅሱ» ሲለው አጎቴ ሳቁን ለመደበቅ ጋቢውን ወደ አፉ ወሰደ። ውሻ በበሩ ሲገባ «ይውጡ» ብሎ አስወጣው። እውነቴን ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዳኛው ቆሞ ንግግር አደረገ። አስተርጓሚው እየተከተለ ተረጎመ። «የቀድሞው መንግሥትዎ ሕግ ከቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የተቀዳ ነበረ። በሮማ የሚኖሩ ሕግ አውጪዎች ይህን ተመልክተው አዘኑ፣ ተጨነቁም። የአንዱ ሃይማኖት ሕግ በሌላው ላይ ሊጫን አይገባም ብለው ወሰኑ። ከእንግዲህ ክርስቲያን በክርስቲያን ሕግ፣ እስላም በእስላም ሕግ ይዳኛል።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። በድሮው ጊዜ ለአንድ ቁራጭ መሬት ሲከራከር ቃሉ በቄስ ቃል ተሽሮበት የተሸነፈ ሰው ነው፤ ያ ቁስል አልዳነለትም። «ይቺን እንኳ እውነታቸውን ነው» አላት ለእናቴ በሹክሹክታ።

«ቆይ እስቲ ይጨርስ» አለችው።

ከዚያ ጠየቃት። «እርስዎን ሟቹ እንዴት አድርገው አገቡዎ?»

እናቴ ጥያቄው ቀላል መሰላት። «በሰማንያ ነዋ!» አለች።

ለማያውቅ ልናገር። በቁርባን ያልተጋባ ክርስቲያን፣ እንደ እናቴና አባቴ ያለም ሰው፣ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቶ፣ ምሎ፣ ዋስ ጠርቶ ሲጋባ በሰማንያ ተጋባ ይባላል። የሰማንያ ሚስት ማለት ሕጋዊ ሚስት ማለት ነው፣ ቅምጥ ያልሆነች፣ ገረድ ያልሆነች። ለምን ሰማንያ እንደተባለ እናቴም አታውቅም፤ ሽማግሌዎቹም የየራሳቸውን ነው የሚናገሩት። ማንም ግን አይሳሳተውም። ሴት ስትሰደብ «የሰማንያ ሚስት ነኝ!» ብላ ደረቷን ነፍታ ነው የምትመልሰው። እናቴም እንደዚያ ነው ያለችው፣ ደረቷን ነፍታ።

በአስተርጓሚው መጽሐፍ ግን ሰማንያ ማለት ቁጥር ነው። ለዳኛው ተረጎመለት። ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠና እናቴን በሐዘኔታ አያት። አንድ ነገር ተናገረ።

«ሰማንያውን ማን ተቀበለ?» አለ አስተርጓሚው።

እናቴ ሰማንያውን ማን እሺ ብሎ ፈቀደ ማለቱ መሰላት። «አባቴ ነዋ። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፣ ኋላ ደስ ብሎት ነው የተቀበለው።»

«ደስ ብሎዋቸው?»

«አዎ፣ ምን ሊለው ኖሯል? መርቆ ነው የሰጠኝ።»

ዳኛው ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ከዚያ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ወደ እናቴ ዘርግቶ ረጅም ነገር ተናገረ። አስካሪዎቹ ሳይቀር ቀጥ ብለው ቆሙ። አስተርጓሚው ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነዎት» አላት።

«ከምን?» አለች እናቴ።

«ከባርነት። በሰማንያ የገዛዎት ሰው ሞተዋል። የኢጣሊያ መንግሥት ባርነትን ሽሯል። ወደፈለጉት ይሂዱ።»

እኔ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት አልሞላኝም። እናቴ በሰው ፊት አፏ ተሳስሮ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አጎቴ ግን ነጠላ ጫማውን ጥሎ ብድግ አለ። «አበዳችሁ እንዴ! ሚስቱ ናት! ሚስቱ! ማን ገዛት? ማን ሸጣት?» አስካሪው በሰደፍ ደረቱን ገፍቶ አስቀመጠው። እናቴም አፏ ተፈታ፤ የምትለውን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ታዥጎደጉደው ጀመር። ያጋቧቸው ሽማግሌ ግራና ቀኝ እያዩ «ጌቶች፣ ጌቶች፣ ስሕተት ነው» ይላሉ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አስተርጓሚው ቀስ እያለ ገባው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ለዳኛው አስረዳው፤ ዳኛውም ተቀመጠ። እውነት ለመናገር ሰምቶናል። እኛም ተገላገልን አልን።

ዳኛው ሽማግሌውን ጠራቸው። «ይህ ሰማንያ የሚሉት ጋብቻ የቤተ ክርስቲያን ነውን?»

«አይደለም ጌታዬ።»

«የመስጊድ ነውን?»

«እሱም አይደለም። የአገር ነው። በሽማግሌ ፊት ተምሎ የሚጋቡት ነው።»

«መልካም። መሐላው በማን ስም ነው?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት።

በሰማንያ የሚጋባ ሰው የሚምለው በንጉሥ ነው። «ንጉሥ ይሙት» ብሎ ነው የሚምለው፣ የንጉሡን ስም ጠርቶ። እናቴና አባቴም እንደዚያው። ንጉሡ በስደት ላይ ናቸው። ስማቸውን አንሥቶ የተገኘ ሰው ቀጨኔ ሜዳ ላይ ተሰቅሎ አይተናል፤ ገመዱ ሳይፈታ ሰንብቷል። ሹሙ ከጥጉ ወጣ ብሎ ፈገግ አለ። ያውቃል፤ ራሱም ሚስቱን ያገባው በዚያው መሐላ ነው! «ይናገሩ እንጂ አባቴ፣ በማን ስም ነበር?» አላቸው፣ ለስለስ አድርጎ።

ሽማግሌው እናቴን አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ስድስት ልጆችና የልጅ ልጆች ያሉዋቸው ሰው ናቸው። እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ እንዲናገሩ አልፈለገችም፣ ይኼን እኔ ምስክር ነኝ።

«ረሳሁት ጌታዬ። እርጅና ነው» አሉ።

ዳኛው ተነፈሰ። ከትሪፖሊ፣ እስላም ከሚገዙበት ከሌላው ግዛታቸው፣ ያመጣው ነው የተባለ ወፍራም መጽሐፍ ገለጠ። በኋላ አስተርጓሚው እንዲህ አለ። ቤተ ክርስቲያን የማታውቀው፣ መስጊድም የማያውቀው ጋብቻ በሕጋቸው የለም። የሃይማኖት ሕግ ያለው ሰው በሃይማኖቱ ይዳኛል እንጂ ሦስተኛ ሕግ የለም። ሟቹ እስላም ናቸው። ልጆቹ፣ እኔም ጭምር፣ የእስላም ልጆች ናቸው፣ ለወንድማቸው ይሰጣሉ። ቤቱም እንደዚያው። ክርስቲያኗ ሴት ሚስት ስላልሆነች የምታገኘው የለም። የእስላም ልጆችም በክርስቲያን ቤት አያድጉም።

«እንዴት አያድጉም?» አለ አጎቴ። «በኛም ሕግ እኮ ትንሽ ልጅ ከእናቱ አይነጠልም! ክርስቲያንም ብትሆን! ደግሞ እኔ አልፈልግም እያልኩ!»

«በመጽሐፉ እንዲህ ነው» አለ አስተርጓሚው፣ ወፍራሙን መጽሐፍ እያሳየ።

«መጽሐፉን ማን ጻፈው?»

ይኼን አልተረጎመም።

አጎቴ ወስዶ ሊመልሰን ይችል ነበር ትሉ ይሆናል። እሱም ወዲያው አስቦት ነበር። ሹሙ ግን ቀደመው። «ጌታዬ፣ ወስዶ መልሶ ይሰጣታል፤ እኔ ጎረቤት ነኝ፣ ዓይኔ አያርፍም፣ ባየሁ ቀን አሳውቃለሁ። ያኔ ቤቱ ለመንግሥት፣ ልጆቹ ለሚሲዮን» አለ። ዳኛው እንዴት ያለ ታማኝ ሰው ነው በሚል ዓይን አየው። እግዜር ይየው እሱን።

ዳኛው ከመውጣቱ በፊት ዞር አለና አንድ ቃል ጨመረ። ምሳው ደርሶበት ነበር። «ሴትየዋ የልጆቻቸውን ሃይማኖት ከያዙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እናት ይሆናሉ፣ ቤቱንም ይጠብቃሉ። ከምሳ በኋላ ይንገሩኝ።»

በረንዳው ሥር ጥላ ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ እናቴ ጭን ላይ ተኛ። ከዚያ አጎቴ ጠጋ አለ።

«እቴ ስሚኝ። ወንድሜ ክርስቲያን ሆኖ ነው የሞተው ብዬ እምላለሁ። ቁርኣን ያምጡልኝ፣ እይዛለሁ። እኔ ከማልኩ ማን ይክደኛል? የክርስቲያን ባል፣ የክርስቲያን ልጆች፣ አለቀ።»

«በሐሰት ሊምሉ ነው?»

«አላህ ልቤን ያውቃል።»

እናቴ እጁን ያዘችው። የባሏን ታላቅ ወንድም እጅ ስትይዝ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ታፍረዋለች። «አይሆንም ጋሼ። ሬሳውን አላገኘነውም። መቃብር የለው፣ ድንጋይ የለው፤ የቀረው እስላምነቱና ስሙ ነው። እሱንም ቀምተነው ምን ይሁን?»

«ታዲያ ልጆቹን ልትሰጪ ነው?»

ወደ አስካሪዎቹ ወጥ ቤት ዘወር አለች። ሙስሊም አስካሪዎች ለብቻቸው ያርዱ ነበር፤ የሚቀቀለው ሥጋ ሽታው እኛ ድረስ ይመጣል።

«ከዚያ ሥጋ ይሰጡኝ ይሆን?» አለች።

አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ተይ። ተይ እቴ። ቃሉን በይና ይብቃ፣ ጾምሽን አትፍቺ።»

«ቃሉንማ ማን ያምነኛል? ያ ባንዳ ያምነኛል? እሱ የሚያምነው ሥጋ ስበላ ሲያይ ነው።»

ልክ ነበረች። ዳኛው ከምሳ ሲመለስ እናቴ «ሃይማኖታቸውን እይዛለሁ» ስትለው አስተርጓሚው በምን እንደሚታወቅ ጠየቀ። ሹሙ አላመነታም። «ሥጋውን ትብላ። በእኛ አገር ምስክሩ እሱ ነው» አለ። ዳኛው ተገረመ፤ ማስታወሻው ላይ ጫር አደረገ። ከአስካሪዎቹ ወጥ ቤት በቆርቆሮ ሳህን አመጡላት። የበግ ሥጋ፣ ከነስቡ፣ የሚጨስ። በሁዳዴ።

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አላማተበችም፣ እጇ ወደ ግንባሯ ሊሄድ ተነሥቶ መለሰችው። ከዚያ አነሣችና ጎረሰች። አኘከች። ሁሉም አፏን ነው የሚያየው፣ ዳኛው፣ ሹሙ፣ አስካሪው። ዋጠች። ሁለተኛውን ጎረሰች። ሹሙ «አሁንም» ስላለ ሦስተኛውን። እስከዛሬ ማንም ሰው ሲበላ አፉን ማየት አልችልም፣ ልጆቼን እንኳ።

«ልጂቱስ?» አለ አስተርጓሚው ወደ እኔ እያየ።

«ልጅ በአባቷ ነው የምትቆጠረው ብላችሁ የለም?» አለ አጎቴ፣ ተቆጥቶ። «በቃ፣ ተቆጥራለች!» በዚህ አለፈልኝ።

ዳኛው ፈረመ። ደስ ብሎት ነበር፤ አንድ ቤት ሳይፈርስ በሕግ አዳንኩ ብሎ ነው መቼም። አስተርጓሚው ሲሸኘን ለእናቴ ጎንበስ ብሎ «መልካም ምሳ ይሁንልዎ» አላት። ክፋት አልነበረውም። ክፋት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

ወንዙ ጋ ስንደርስ እናቴ ተንበረከከችና ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች። አልወጣላትም። ቤት ገብታ ማተቧን በጥሳ እሳት ውስጥ ጣለችው። ማንም አላዘዛትም፤ «ከዚያ ወዲያ በምን ፊቴ አስረዋለሁ?» ብቻ አለች። ጫፉ ሲጨስ ቤቱ የተቃጠለ ጥጥ ሸተተ።

ልጆቿን ግን አልወሰዱባትም። ያን ሌሊት ሁለታችንንም ግራና ቀኝ አድርጋ አቅፋ አደረች፤ አጥብቃ ስለያዘችኝ መተንፈስ አቃተኝ፤ ልቀቂኝ ግን አላልኳትም።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እሳት ልጫር ብላ የምትመጣ ጎረቤት ቀረች። መንገድ ላይ የሚያገኟት ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ያልፏታል፤ አንዷ፣ የክርስትና እናቴ፣ እኔን ጠርታ ፀጉሬን ዳሰሰችና እናቴን ሳታያት ሄደች። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ግን መጡ። ቴምር ይዘው፣ ሻሽ ይዘው፣ እልል ብለው መጡ። ደግ ሴቶች ነበሩ። እናቴ እነሱ ፊት ይብስ ታፍር ነበር፣ እነሱንም መዋሸቷ ነዋ። «ለክፉዎቹስ መልስ አላጣም፣ ለእነዚህ ምን እላለሁ?» ትለኛለች ሲሄዱ። ጾሙን በስውር ጨረሰችው። ፋሲካ ሲመጣ ደወሉን ስትሰማ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ምክንያቱም ሹሙ ደጃችን ፊት ለፊት በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል። እሑድ እሑድ ሥራው ያ ነበር። ዓይኔ አያርፍም ያለውን አልረሳም።

ክረምት ሲገባ ተስቦ ገባ። ከጉለሌ ስንት ቤት እንደተዘጋ አልናገርም። እናቴን ነሐሴ ውስጥ ያዛት። አጎቴ ከወሎ ተጠርቶ በዚያ ዝናብ መጣ፤ ሰው ሁሉ በሽታውን ፈርቶ ሲርቅ እሱ ገብቶ ራሷ ሥር ተቀመጠ። ከኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ጀምሮ ሰው መለየት አቅቷት ነበር። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ዓይኗን ገለጠች፣ ንጹሕ ሆነች። እኔን አወቀችኝ፣ ወንድሜን አወቀችው።

«ጋሼ» አለች። «ቄስ ይጥሩልኝ። ልናዘዝ።»

አጎቴ ጋቢውን ደረበ፣ ዱላውን አነሣ። እኔ በሩን ከፈትኩለት። በዝናቡ ውስጥ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሹሙ ወፍራም ካፖርቱን ለብሶ ከቤቱ ደጅ ቆሟል። ወደ እኛ ነው የሚያየው። ሕመሟን ሰምቷል፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ሊያይ ነው የቆመው። አጎቴ አየውና «ይየኝ፣ ከፈለገ ይግደለኝ!» ብሎ እግሩን ከደፍ አሻገረ።

እናቴ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ኃይል አመጣችና በክርኗ ተደገፈች። «ይመለሱ! ጋሼ፣ በልጆቼ ሞት ይመለሱ! ቄስ ከገባ ልጆቼን ይወስዷቸዋል። በከንቱ ነው እንዴ የበላሁት?»

አጎቴ ደፉ ላይ ቆመ። አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ። ከዚያ ተመለሰና ራሷ ሥር ተቀመጠ፣ እንደ ልጅ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። በሩን ዘጋሁት።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?» አላት። «ያንቺን ጸሎት አላውቀው። ምን ልበልልሽ እቴ?»

«የሚያውቁትን ይበሉልኝ» አለችው።

ሁለት እጁን ዘረጋና በዓረብኛ ጀመረ። ዝናቡ ክዳኑን እየደበደበው ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረገ። እናቴ የእኔንና የወንድሜን እጅ ይዛ፣ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ታዳምጠዋለች። መሐል ላይ እጇ ላላ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና አላየም፣ ቀጠለ። እኔም አላቋረጥኩትም። ሲጨርስ አሜን የሚል ሰው ስላልነበረ እኔ አልኩ።